ፊልሙ የትኛው ነው?

ከዘነበወርቅ ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ፣ የቆሼ የቆሻሻ ጉብታ ከቆርቆሮ ጣሪያዎች በላይ ብቅ በሚልበት በኩል፣ አንድ ሰማያዊ ሸራ መሬት ላይ ተነጥፏል። በላዩ አሮጌ መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ፣ ሽፋኑ ጠፍቶ በካርቶን የተለበጠ፣ ኅዳጉ ላይ የፍቅረኛ ስም የተጻፈበት። ከሸራው ጎን በጠባብ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ተከፍቷል፤ «ፊልም በፍላሽ እንጭናለን» የሚል የእጅ ጽሑፍም ተለጥፎበታል። ሁለቱም ንግዶች የአንድ ወጣት ናቸው። ደንቡን ያወጣውም እሱ ነው፤ መጽሐፍ ያነሳ ደንበኛ ሁሉ «ፊልሙ የትኛው ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ለመለሰ አሥር ብር ይቀነስለታል።

አንድ ሽበት የወረራቸው ሰው የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «ሐምሌት» አንስተው ያገላብጣሉ።

«ጋሼ፣ ፊልሙ የትኛው ነው?»

«እኔ የማውቀው ቴአትሩን ነው ልጄ። ፊልሙን አላውቅም።»

«ላየን ኪንግ!» አለች ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ፣ ማንም ሳይጠይቃት። «አጎትየው ንጉሡን ይገድልና ዙፋኑን ይወስዳል፤ ከዚያ የሟቹ መንፈስ ለልጁ ይገለጥለታል። ያው ነው እኮ!»

ሰውየው ጥቂት አሰቡና ሳቃቸው መጣ። «አንበሳ አደረጉት በይኛ!»

ቅናሹ የማን ነው በሚለው ላይ ክርክር ተነሳ። በመጨረሻ ለሰውየው ተቀነሰላቸውና እሳቸው ደግሞ ለልጅቷ ኦቾሎኒ ገዙላት። ኦቾሎኒው የተጠቀለለበት ወረቀትም የመጽሐፍ ገጽ ነበር።

ወጣቱ ማንበብ የጀመረው ከእንዲህ ዓይነት ገጾች ነው። ልጅ ሆኖ ሜንጦ፣ ማለትም ቆሻሻ የሚጫርበትን ቆልማማ ብረት፣ ይዞ ጉብታው ላይ ይውል ነበር። መኪና መጥቶ ሲገለብጥ ሁሉም የየራሱን ይሻማል፤ አንዱ ሃይላንድ፣ አንዱ ብረታ ብረት፣ አንዱ ጫማ። ወረቀት ዋጋው ዝቅ ያለ ስለሆነ የሚሻማበት አልነበረም፤ ለእሱ ተረፈው። ማዳበሪያውን ሞልቶ በኪሎ ከመሸጡ በፊት ግን ያነብበዋል። ችግሩ፣ ከቆሼ የሚወጣ መጽሐፍ ሙሉ አይደለም። አርባ ሦስተኛው ገጽ ላይ ጀምሮ አምሳ ስምንተኛው ላይ የሚቋረጥ ልብወለድ ነው የሚገኘው። አንድ ጊዜ ለተማሪዎች በቀላል እንግሊዝኛ ከተዘጋጀ መጽሐፍ የተገነጠሉ ጥቂት ገጾች እጁ ገቡ። ያለጥፋቱ የታሰረ ወጣት መርከበኛ፣ ከጎረቤት ክፍል ጉድጓድ እየቆፈረ የሚመጣ ሽማግሌ ቄስ፤ ከዚያ ወዲያ ገጽ የለም። ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ለደንበኛ የሚጭነውን «ኤዘል» የሚባል የቱርክ ተከታታይ ድራማ ሲሞክር፣ በጓደኞቹ የተከዳ ሰው እስር ቤት ውስጥ ከአንድ አዛውንት ጥበብ ተምሮ፣ መልኩን ለውጦ ለበቀል ሲመለስ አየ። «ይሄማ የኔ ሰውዬ ነው!» ብሎ ጮኸ። ትክክል ነበር፤ «ኤዘል» የተሠራው የአሌክሳንደር ዱማን «የሞንቴ ክሪስቶ ኮንት» መነሻ አድርጎ ነው። መጽሐፉ ከወጣ ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የጎደለው መጨረሻ በኢስታንቡል በኩል ዞሮ ቆሼ ደረሰ። የ«ፊልሙ የትኛው ነው?» ጨዋታ የተወለደው ያን ዕለት ነው።

ቆሼ ለብዙው የአዲስ አበባ ሰው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የተደረመሰው ጉብታ ነው። ያን ምሽት ከአንድ መቶ አሥር በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ ከነቤታቸው ተቀብረው ሞቱ። ያን ሳያነሱ ስለዚህ ሰፈር መጻፍ ነውር ነው። ይሁን እንጂ በሐዘኑ ብቻ እንዲታወቅ የሚፈልግ የሰፈሩ ልጅ አላጋጠመኝም። ጉብታው ከአምሳ ዓመት በላይ የከተማዋን ትርፍራፊ ሲቀበል ኖሯል፤ ከትርፍራፊው ውስጥ ደግሞ የከተማዋ ንባብም አለ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫ ደረቅ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታሰበ ስለሆነ፣ ሜንጦ ያላገኘው ልብወለድ መብራት ሆኖ ይቀር ይሆናል።

ጨዋታው ቀልድ ቢመስልም የያዘው ጥያቄ ከባድ ነው። መጽሐፍና ፊልም በእኛ አገር የት ነው የሚገናኙት? ሌላው ዓለም መልሱን በስቱዲዮ በኩል ይሰጣል። አሳታሚ ያሳትማል፣ አምራች መብቱን ይገዛል፣ ጸሐፊ ወደ ስክሪፕት ይቀይረዋል። እኛ ዘንድ ግን ድልድዩ ሌላ ነው። የእኛን መጽሐፍና ፊልም ያገናኘው የተራኪ ድምፅ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩን ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» እንጀምር። «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም በ1957 ዓ.ም. ሲወጣ፣ የሐዲስ ዓለማየሁ ልብወለድ ደግሞ በ1958 ታተመ። አንድ ሰሞን የተወለዱ ናቸው ማለት ይቻላል፤ እንዲጋቡ ግን ማንም አልቸኮለም። መጽሐፉን ለሕዝብ ያደረሰው ሬዲዮ ነው። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲያነበው ፊደል ያልቆጠረውም የመጽሐፉ አንባቢ ሆነ። ጉዱ ካሳ ሲናገር አንድ ድምፅ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ሌላ ድምፅ፣ ሰብለወንጌል ስታዝን ደግሞ ሌላ፤ ሁሉም ከአንድ ጉሮሮ የሚወጡ ናቸው። ሥዕሉን የሚሥለው አድማጩ ራሱ ነው። ስለዚህ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው፣ አንድም ካሜራ ሳይነሳ፣ የየራሱን «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊልም በጭንቅላቱ አይቶ ጨርሷል።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ፊልም ሠሪው ሰውመሆን ይስማው ልብወለዱን ወደ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሲቀይረው የገጠመው ፈተና እዚህ ላይ ነው። በየሻይ ቤቱ የሰማሁት ክርክር «በዛብህ እንዲህ አይመስልም» ከሚለው ይልቅ «ጉዱ ካሳ እንዲህ አይናገርም» ወደሚለው ያደላ ነበር። ተመልካቹ የሚፎካከረው በጆሮው ከቀረ ድምፅ ጋር ነው። የእንግሊዝ ሰው የዲክንስን ድራማ ሲያይ እንዲህ ያለ መከራ የለበትም።

ድምፅ ብቻ ድልድይ ሆኖ ያገለገለበት ሌላው ታሪክ የበለጠ ይገርማል። ነፍስ ኄር ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» አገኘ። ወረቀት የለም። ስለዚህ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለችው ቀጭን ወረቀት ላይ እየተረጎመ ጻፈው። የእስረኛ ጓደኞቹ እየተከታተሉ ሰሙት፤ ወረቀቶቹም በፓኮ ውስጥ እንደገና ተሰግስገው ከእስር ቤት ወጡ። ተሰብስበው ሲታተሙ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ሆኑ። የመጽሐፉ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1939 ተሠርቶ ከሆሊውድ ትልልቅ ፊልሞች አንዱ ለመሆን በቅቷል፤ ሃቲ ማክዳንኤልም በሱ ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ሆናለች። ማዕከላዊ ያለው እስረኛ ግን ያ ሁሉ ቀለምና ቀሚስ አልደረሰውም። ስካርሌት ኦሃራ ለእሱ ጓደኛው በዝግታ የሚያነባት ሴት ነበረች። የቆሼው መጽሐፍ ሻጭ ይህን ታሪክ ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና «የሲጋራ ወረቀት በኪሎ አይገዛም እኮ» አለኝ። የሙያው ሰው የሚናገረው እንዲህ ነው።

በዚያው ዘመን የስለላ መጽሐፍ አገር ምድሩን ሞልቶት ነበር። ማሞ ውድነህ በዚህ መስክ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ከትርጉሞቻቸው አንዱ የሆነውን የፍሬድሪክ ፎርሳይትን «የኦዴሳ ማኅደር» ያነበበ ሰው፣ ወጣቱ ጋዜጠኛ ናዚውን ኤድዋርድ ሮሽማንን ሲያድን ትንፋሹን ይዞ ነው የሚከተለው። እ.ኤ.አ. በ1974 ፊልሙ ወጣ። የሚያስገርመው ሮሽማን የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ አለመሆኑ ነው። በሪጋ ጌቶ የፈጸመው ግፍ እውነት ነው፤ በዚያን ጊዜም በሐሰት ስም አርጀንቲና ይኖር ነበር። ከመጽሐፉና ከፊልሙ በኋላ ጉዳዩ ተቀሰቀሰ፤ ሰውየው ወደ ፓራጓይ ሸሽቶ እ.ኤ.አ. በ1977 እዚያው ሞተ። ልብወለድ ከመጽሐፍ ወደ ፊልም ተሻግሮ፣ ከፊልም ደግሞ ወደ ሰው ኑሮ ገባ ማለት ነው።

ቪዲዮ ቤት ሲመጣ ተራኪው አልጠፋም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ። ኮልፌ ያደገ ሰው ያስታውሰዋል፤ በጣውላ አግዳሚ ላይ ተጠባብቆ የሕንድ ፊልም ማየት፣ ቋንቋውን ሳይሰሙ ታሪኩን መረዳት፣ ቀድሞ ያየው ልጅ ደግሞ «አሁን ወንድሙ መሆኑን ያውቃል» እያለ ሲያበላሽ መስማት። ዛሬ «ትርጉም ፊልም» የሚባለው በዚያ ልጅ ቦታ የገባ ነው። አንድ ሰው የፊልሙን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ይተርከዋል፤ እያፌዘ፣ እያዘነ፣ አንዳንዴም ፊልሙ ውስጥ የሌለ ምክር እየጨመረ። የፊልም ባለሙያ ይንቀዋል። እኔ አልንቀውም፤ የወጋየሁ ሙያ ሩቅ ዘመድ ነውና። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች «ልትገድሉን ነው» ብለው ተቃወሙ። ሥጋታቸው መሠረት ነበረው። ያም ሆኖ ተመልካቹ በቶሎ የተቀበለው አዲስ ነገር ስለሆነበት አልመሰለኝም፤ የሩቅ ታሪክ በአገር ድምፅ ሲነገር መስማት ከሬዲዮው ዘመን ጀምሮ ለምዶታል።

ፍላሽ የሚያስጭን ወጣት አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፍ እያየ መሆኑን አያውቅም። «ስሪ ኢዲየትስ» በዚህ ሰፈር ያላየው የለም። ከቼታን ባጋት «ፋይቭ ፖይንት ሰምዋን» ልብወለድ መነሳቱን ግን ስንቱ ያውቃል? ሻህሩክ ካን በ«ዴቭዳስ» ሲያስለቅስ የነበረው ሳራት ቻንድራ ቻቶፓድያይ እ.ኤ.አ. በ1917 ያሳተመውን ልብወለድ ይዞ ነው። ቪሻል ባርድዋጅ «ማክቤዝ»ን የሙምባይ ማፊያ አድርጎት «ማቅቡል» ብሎታል፤ «ኦቴሎ»ን «ኦምካራ»፣ «ሐምሌት»ን ደግሞ ካሽሚር ወስዶ «ሃይደር» አሰኝቶታል። ሼክስፒር ወደ ኮልፌ የገባው በሁለት በር ነው፤ በአንዱ በጸጋዬ ብዕር፣ በሌላው በሕንድ ዘፈን።

የራሳችንን መደርደሪያ ስናይ ጨዋታው ይበልጥ ይጣፍጣል። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመውን፣ «ጦቢያ» እየተባለ የሚጠራውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» ውሰዱ። መንታ እኅትና ወንድም፤ ዋህድና ጦቢያ። አባታቸው በጦርነት ይማረካል፣ አንድ ደግ ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ያስለቅቀዋል፣ ዋህድ ውለታውን ሊመልስ ወጥቶ ይጠፋል። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። ከንጉሡ ቤት ስትደርስ አንዲት የንጉሡ ዘመድ ወንድ መስላት ትወዳታለች! መፍትሔው መንትያው ነው፤ መልኩ አንድ የሆነው ዋህድ ይገኝና ሴቲቱ ያፈቀረችውን መልክ ታገባለች፣ ንጉሡ ደግሞ ጦቢያን።

ይህን ለቆሼው ሻጭ ስነግረው ጣቱን አነሳ። «ሺ ኢዝ ዘ ማን!» አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው፣ ልጅቷ በመንታ ወንድሟ ስም ገብታ ኳስ የምትጫወትበት የወጣቶች ፊልም ነው። እሱም የተቀዳው ከሼክስፒር «አሥራ ሁለተኛዋ ሌሊት» ነው። በሕንድ በኩል ከመጣችሁ ደግሞ «ሲታ ኦር ጊታ» አለች፤ ሲወለዱ የተለያዩት መንትዮች ቦታ ሲቀያየሩ የሚፈጠረው ትርምስ። አፈወርቅ በአማርኛ ልብወለድ መጀመሪያ ላይ የጻፈው ሴራ ዛሬም በየሲኒማው ሰው የሚያስቅና የሚያስለቅስ ሴራ ነው። ለፊልም የተመቸ መጽሐፍ የለንም የሚለው ሰበብ የሚያዋጣ አይደለም።

የኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም»ም እንዲሁ ነው። ጀግናው አወቀ ፓሪስ ተምሮ ተጉለት ሲመለስ ከገዛ ወገኑ ልማድ ጋር ይጋጫል። በኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ውስጥ አንበርብር ጀርመን ተምሮ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ሲመለስ የሚገጥመው ግራ መጋባት ከዚያ የሩቅ አይደለም። ኃይሌ ከኅሩይ ቀዳ ማለቴ አይደለም። በሁለቱ መካከል ሰባ አምስት ዓመት ገደማ አለ፤ አወቀን ወደ ተጉለት የመለሰው ተስፋ ነው፣ አንበርብርን ወደ ጣና የመለሰው ግን ቁስል። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል ተሸልሟል፣ በ2009 ደግሞ የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል የሆነውን የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ወስዷል። ሁለቱን ሥራ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ መምህር ለተማሪዎቹ የአገሪቱን ግማሽ ታሪክ በአንድ ሳምንት ያስተምራል።

ቆሼ ተቀምጦ መታየት ያለበት ፊልም ግን «ክራምብስ» ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ሳይንሳዊ ልብወለድ ሲሆን ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይሠሩበታል። ዓለም ጠፍታለች፤ የተረፈው ሰው የድሮውን ዓለም ትርፍራፊ እንደ ቅርስ ይሰበስባል። የፕላስቲክ መጫወቻ የጥንት ጀግና ክታብ ይሆናል፣ የማይክል ጃክሰን ሸክላ ሀብት ይሆናል፣ ለማይክል ጆርዳን ጸሎት ይደረሳል። የውጭ ተመልካች ቅዠት ነው ብሎ ይደነቅበታል። የቆሼ ለቃሚ ግን የከተማውን ጥራጊ አንስቶ፣ አራግፎ፣ ምን እንደነበረ ገምቶ ዋጋ ሲያወጣለት የኖረ ነው፤ ለእሱ ይህ የዘወትር ሥራ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡና ወደ ሕጉ እንምጣ፤ ጨዋታው የሚሰናከለው እዚህ ነውና። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ድርሰት ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመንና ካረፈ በኋላ ለአምሳ ዓመት እንደሚጠበቅ ይደነግጋል። ወደ ፊልም መቀየርም ከደራሲው መብቶች አንዱ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት አዋጁ በወጣበት በዚያው በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ ሥራዎቻቸው እስከ 2046 ዓ.ም. ገደማ በወራሾች ፈቃድ ሥር ናቸው። የአፈወርቅና የኅሩይ መጻሕፍት ግን ጊዜያቸው ካለፈ ቆይቷል። «ጦቢያ»ን ፊልም ለማድረግ የሚያስፈልገው ካሜራና ድፍረት ብቻ ነው።

ከመደርደሪያው ላይ አንድ ምረጥ ብባል ግን የምመርጠው የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ነው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ጋዜጠኛው ፀጋዬ፣ አሥመራ፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ ፊያሜታ፤ ፍቅሩም ስለላውም ጦርነቱም በአንድ ላይ አሉበት። ትዕይንቱ አጭር፣ ንግግሩ ፈጣን ነው፤ ጋዜጠኛ የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ «ስክሪፕት ጠፋ» የሚል አምራች ይቅርታ አይገባውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ። «ስሪ ኢዲየትስ» ሲወጣ ቼታን ባጋት ስሙ የተጻፈው በፊልሙ መጨረሻ፣ ሰው ከአዳራሽ እየወጣ ሳለ በሚያልፈው ዝርዝር ውስጥ መሆኑን አይቶ በአደባባይ አማረረ። እኛ ያን ስህተት እንዳንደግመው። ፊልም ሠሪዎች ሆይ፣ ከመጽሐፍ ከወሰዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ ክፈሉ፤ የደራሲውንም ስም ከተዋናዮቹ በፊት፣ በትልቁ፣ በመጀመሪያው ደቂቃ ጻፉት።